ማስተካከያ፦ ጅማ ባቡር አልነበረም

ትናንት ስለ ጎረቤታችን ስለ አባባ ማረፍ በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ፤ ልጃቸው ደውላ ስታርመኝ አፈርኩ። አንደኛ፣ «ጅማ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ወጡ» ብያለሁ። ጅማ መቼ ባቡር ገብቶ ያውቃል? የሠሩት ድሬዳዋ ነው። እዚህ ጅማ የመጡት ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የባለቤታቸው አገር ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ የማይጨው ዘማች አድርጌያቸዋለሁ። በ1928 እኮ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ! የዘመቱት ኮሪያ ነው፣ ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር። ያ ጦር ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ነው መርከብ የተሳፈረው፤ አባባም «ከባቡር ጋር የተዋወቅነው ያኔ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አልለቀቀኝም» እያሉ ይስቁ ነበር።

ሳቃቸውን ግን አልተሳሳትኩም። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና፣ እዚህ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ሲያዙ ሁሌ «ሲልቩፕሌ» (እባክህ) ይሉ ነበር። አስተናጋጆቹም ለምደው «ሜርሲ አባባ» ይሏቸዋል። የሰፈር ሕፃናትን ደግሞ ከኋላቸው አሰልፈው፣ እንደ ባቡር እየነፉ እስከ ሱቅ ድረስ ይነዷቸዋል፤ በዚያ ዕድሜ!

የትናንቱን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።