የፊት ታርጋችሁን ከትራንክ አውጡ

ወገኖቼ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሁለት ታርጋ ተሰጥቷችሁ አንዱን ከኋላ አስራችሁ ሌላውን ትራንክ ውስጥ የወሸቃችሁ ብዙ ናችሁ። ዳሽቦርድ ላይ አጋድማችሁ የምትሄዱም አላችሁ። በሽቦ አንጠልጥላችሁት ነፋስ በመጣ ቁጥር ባምፐሩን ሲፍቅ የሚውልም አይቻለሁ። ተዉ! ሁሉም ስላደረገው ትክክል አይሆንም።

በሦስቱም ቦታ ሕጉ ታርጋውን ከፊትም ከኋላም ይፈልገዋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እንዳይወዛወዝ ጠብቆ እንዲታሰር፣ በግልጽ እንዲታይና እንዲነበብ ያዝዛሉ። ዳሽቦርድ ላይ የተጋደመ ታርጋ የታሰረ አይደለም፤ ድንገት ፍሬን ስትይዙም ስለታም ቆርቆሮ ሆኖ አጠገባችሁ ወደተቀመጠው ሰው ሊወረወር ይችላል። ዲሲ ውስጥ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ እስኪያስቆማችሁ መጠበቅ የለም፤ መኪናው እንደቆመ ቲኬት ይለጠፍበታል። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ አድሮ ያገኘውን ጠዋት ለቅጣት መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው?

ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። በኮሎምቢያ ፓይክ ወይም በጆርጂያ አቬኑ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ መንገድ የሚያቋርጡ እናቶቻችን የሚመጣባቸውን መኪና የሚያዩት ከፊቱ ነው። የሰዉ በር ላይ ያለው ካሜራም መኪናው ወደ እሱ ሲመጣ ፊቱን ይቀርጻል። «እኔ እኮ ሰው ገጭቼ አላመልጥም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ አምናችኋለሁም። ነገር ግን ፊቱ ባዶ የሆነ መኪና በየመንገዱ የተለመደ ሲሆን፣ ገጭቶ የሚሸሸው ሰው በእናንተ መሃል ተመሳስሎ ያልፋል። ለእሱ መሸሸጊያ የምትሆኑት ሳታስቡት ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«መኪናው የታርጋ ማሰሪያ የለውም» የሚለው ሰበብ መነሻ እንዳለው አልክድም። ፔንሲልቬኒያ፣ ደላዌር፣ ዌስት ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና የኋላ ታርጋ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ኦሃዮ ከ2020 ሐምሌ ጀምሮ የፊቱን አስቀርቷል። ጆርጂያና ፍሎሪዳም ያው ናቸው። ስለዚህ ከፔንሲልቬኒያ ጨረታ የተገዛ ወይም ከአትላንታ እየተነዳ የመጣ መኪና ባምፐሩ ሳይበሳ፣ ማሰሪያ ሳይኖረው ይደርሳል። አዎ፣ ማሰሪያው የለም። ግን ሥሩት! 20 ዶላር አይፈጅም፣ ባምፐሩንም መብሳት አያስፈልግም።

አሠራሩ ይህ ነው። የቤት መሥሪያ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር 1 ኢንች ስፋት፣ 1/8 ኢንች ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ዘንግ ግዙ። በብረት መጋዝ 9 ኢንች 9 ኢንች የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጡ። ታርጋው 12 በ6 ኢንች ነው፤ የላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች መሃል ለመሃል 7 ኢንች ይራራቃሉ። ቁራጮቹን ደራርባችሁ በአንድ ላይ በዚሁ ልክ ብሷቸው፤ ለየብቻ ከተበሱ ቀዳዳዎቹ አይገጣጠሙም። ጠርዛቸውን በሞረድ አለስልሱ፤ እግረኛ ወይም ሕፃን የሚነካው ነገር ነው።

አንዱ ቁራጭ ከግሪሉ (ከመኪናው ፊት ካለው የአየር ማስገቢያ መረብ) ፊት፣ ሌላው ከግሪሉ ጀርባ ይሆናል። 1/4 ኢንች የማይዝግ ብሎን ታርጋውን፣ የፊቱን ቁራጭ፣ የግሪሉን ክፍተትና የጀርባውን ቁራጭ አልፎ ናይሎን ባለው ዳዶ ይታሰራል። አሉሚኒየሙ ፕላስቲኩን በሚነካበት ሁሉ የአሮጌ ብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጣችሁ ጣልቃ አስገቡ። ከታርጋው ግርጌ በስተኋላም፣ እንዳይንኳኳ፣ አንድ የላስቲክ ቁራጭ ለጥፉ። ከብሎኑ ሥር የናይሎን ሮንዴላ አድርጉ፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ሲነካኩ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የጀርባውን ቁራጭ ኮፈኑን ከፍታችሁ ከላይ ስታወርዱት በክር እሰሩት፤ ካመለጣችሁ ከሥር ባለው መከላከያ ፕላስቲክ ላይ ይወድቅና ለማውጣት መኪናውን ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው። ብሎኑ ራዲያተሩን እንዳይነካ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ለኩ። ይህን በፍጹም አትዝለሉ።

አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በብዙ ቶዮታዎች ከፊት አርማው ጀርባ ራዳር አለ፤ በሌሎች መኪናዎች ራዳሩ ግሪሉ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከፊቱ ቆርቆሮ ካቆማችሁበት ከፊት ያለውን መኪና ማየት ያቅተዋል፤ በራሱ ፍሬን የሚይዘውም አብሮ ሊቆም ይችላል። መመሪያ መጽሐፉን ገልጣችሁ ቦታውን ለዩ። ባምፐሩ ላይ ያሉትን ክብ የፓርኪንግ ሴንሰሮችም አትጋርዱ። ግሪሉ ለጌጥ ብቻ የተደፈነ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ በመጎተቻው መንጠቆ ቀዳዳ የሚታሰር፣ ለመኪናው ሞዴል የተሠራ ማሰሪያ ግዙ። የዚያ ብሎን ጥርስ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በግምት አይሞከርም።

እናንተ መኪና ከጨረታ አምጥታችሁ ለወገን የምትሸጡ፣ በእናንተ ላይ ቅሬታዬ ይበረታል። ገዢው አዲስ መጤ ነው፣ ሕጉን አያውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ቁልፉን ስትሰጡት ሁለተኛውን ታርጋ «ዳሽቦርድ ላይ አድርገው» ብላችሁ አትሸኙት። ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሠርታችሁ አስረክቡት። ቤታችሁ ትራፓን ያላችሁም ለሌለው ጎረቤታችሁ አበድሩ፣ ብትችሉ አብራችሁት ሥሩ። ከሳምንት በኋላም ላስቲኩ ተጨፍልቆ ብሎኑ ስለሚላላ፣ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ።