የአሥር ዓመቱን ሰርተፊኬት ተዉት

ሰርተፊኬት አንድ ሲስተም ለሌላው ማንነቱን የሚያሳይበት፣ የማብቂያ ቀን ያለው ዲጂታል መታወቂያ ነው። በውስጥ ኔትወርክም ለምን እንደሚያስፈልግ ከአንድ ንድፍ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 ዋሽንግተን ፖስት አንድ በእጅ የተሣለ ንድፍ አወጣ። ለአሜሪካ የስለላ ተቋም ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ካሾለካቸው ሰነዶች ውስጥ የነበረ ነው። ሁለት ደመና ተሥሏል፤ አንዱ ኢንተርኔት፣ ሌላው የጉግል የውስጥ ኔትወርክ። በመካከላቸው ወዳለችው ሣጥን ቀስት ተሥሎ «ምስጠራው የሚጨመረውም የሚነሳውም እዚህ ጋ ነው» የሚል ተጽፏል። አጠገቡ ፈገግ ያለች ፊት አለች። ንድፉን ያዩ ለጉግል ቅርብ የሆኑ ሁለት ኢንጂነሮች የስድብ ናዳ እንዳወረዱ ጋዜጣው ጽፏል። አይፈረድባቸውም።

ከተጠቃሚው ስልክ እስከ ጉግል በር መረጃው ተመስጥሮ ይሄዳል። ከበሩ በኋላ ግን፣ ከአንዱ ዳታ ሴንተር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ እርቃኑን ነበር። የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ተቋማት ደግሞ መስመሩን ጠልፈው ይቀዱ ነበር። ጉግል ቀድሞ የጀመረውን የውስጥ ምስጠራ ሥራ ያጣደፈው በዚያው ዓመት ነው።

ይህ ሁሉ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ጋ ግን «ውስጥ ነው እኮ፣ ማን ይገባል?» የሚለው መልስ አሁንም ይሠራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ባንኩም፣ ትኬት ሻጩም፣ የዴሊቨሪ ድርጅቱም አንዱ ከሌላው ኤፒአይ (ሲስተሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት በር) ጋር ተሳስሯል። ኢንተግሬሽን የሠራ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። ቪፒኤን (የግል መስመር) ይዘረጋል፣ አይፒ ኋይትሊስት ይደረጋል፣ ማለትም የጠሪው የኔትወርክ አድራሻ እንደተፈቀደ ይመዘገባል፣ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለው ኤፒአይ ኪይ በኢሜይል ይላካል። ኪዩ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አንዱ ለጓደኛው በቴሌግራም ይልክለታል። አለቀ።

አይፒ ጥሪው ከየት እንደመጣ ይነግራል እንጂ ማን እንደጠራ አይነግርም። ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያሰማራው ኩበርኔቲስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት የክፍያ ሰርቪሱ (ክፍያውን የሚሠራው ፕሮግራም) የነበረው አድራሻ ከሰዓት የሪፖርት ሰርቪሱ ሊሆን ይችላል። ኤፒአይ ኪይም ቢሆን ከእያንዳንዱ ጥሪ ጋር አብሮ ይጓዛል። አንድ ቦታ ሎግ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ ከታተመ፣ ያየው ሁሉ ባለቤት ነው።

ኤምቲኤልኤስ የሚባለው መፍትሔ አዲስ ነገር አይደለም። ብራውዘራችሁ የባንኩን ድረ ገጽ ሲከፍት የባንኩን ሰርተፊኬት ይመረምራል፤ ባንኩ ግን የእናንተን አይጠይቅም። በኤምቲኤልኤስ ሁለቱም ወገን ይጠያየቃል። ጠሪው ሰርቪስ ሰርተፊኬቱን ያሳያል፣ የሚስጥር ቁልፉ እጁ ላይ እንዳለም በፊርማ ያረጋግጣል። ቁልፉ ራሱ ከማሽኑ አይወጣም። መስመሩን የጠለፈ ሰው የሚወስደው ነገር የለም። ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸሸዋል? ብዙ ጊዜ የምሰማው ምክንያት አንድ ነው፦ «ሰርተፊኬት ጊዜው ያልፍና ሌሊት ሲስተሙን ይጥለዋል።»

ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2018 በኤሪክሰን የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ ሰርተፊኬት ጊዜው አለፈ። እንግሊዝ ውስጥ የኦቱ፣ ጃፓን ውስጥ የሶፍትባንክ ደንበኞች በሚሊዮኖች አገልግሎት አጡ። ሶፍትባንክ በሰጠው መግለጫ ችግሩ 11 አገሮችን ነክቷል። ጠላፊ የለም፣ የተቆረጠ ኬብል የለም። ፋይል ውስጥ የተጻፈ አንድ ቀን ደረሰ፣ በቃ።

የማልስማማው ከዚህ በሚወጣው መደምደሚያ ነው። «እንግዲያው የአሥር ዓመት ሰርተፊኬት እናውጣና እንገላገል» ይባላል። ይህ መገላገል አይደለም፤ ጣጣውን ለተረኛ ማስተላለፍ ነው። በአሥር ዓመት አንዴ የሚሠራ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ያወጣው ልጅ ካናዳ ገብቷል። የፈራሚው፣ ማለትም ሰርተፊኬቶቹን ፈርሞ የሚሰጠው ሲስተም፣ ቁልፍ የማን ላፕቶፕ ላይ እንደቀረ አይታወቅም። ቁልፉ ከተሰረቀ ደግሞ ሌባው የቀሩትን ዓመታት በሙሉ ይጠቀምበታል፤ የተሰረዙ ሰርተፊኬቶችን ዝርዝር የሚያይ የውስጥ ሲስተም እምብዛም ነው።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ዕድሜው ይጠር። ሊንከርዲና ኢስቲዮ የተባሉት ሰርቪስ ሜሾች (በሰርቪሶች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያስተዳድሩ ሶፍትዌሮች) ለየሰርቪሱ የሚሰጡት ሰርተፊኬት ነባሪ ቅንብሩ ሳይነካ ከተተወ 24 ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። በየቀኑ የሚታደስ ነገር በየቀኑ ይፈተናል። እድሳቱ ከተበላሸ በዚያው ቀን ታውቁታላችሁ፤ ያውም የሠራው ሰው ገና ቢሮ እያለ። የተሰረቀ ቁልፍም ነገ አይሠራም። እርግጥ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሲስተም ራሱ ከወደቀ የቀራችሁ ሰዓታት ናቸው፣ ይህ ዋጋው ነው። ሁለት ሰው ያለበት ቡድን ከአንድ ወር ቢጀምር አልቃወምም፤ እድሳቱን ማሽን እስከሠራው ድረስ። የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶችም ወደዚያው እየሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2029 ከፍተኛው ዕድሜያቸው 47 ቀን እንዲሆን ተወስኗል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል ጉድጓድ አለ። ሊንከርዲን በኮማንድ ላይን ዝም ብሎ የጫነ ሰው የየሰርቪሱ ሰርተፊኬት በራሱ ሲታደስ አይቶ ይረጋጋል። ከላይ ያለው፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚታመኑበት ሥር ሰርተፊኬት ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው፣ በራሱም አይታደስም። በዓመቱ ሁሉም ነገር ባንዴ ቀጥ ይላል። ሌላም አለ። አንዳንዱ ለውስጥ ሰርቪሶቹ የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከሚያድለው ድርጅት ከሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ ሰርተፊኬት ወስዶ ለጠሪነትም (ጠሪው ማን እንደሆነ ለማሳየትም) ይጠቀምበት ነበር። ድርጅቱ ያንን የጠሪነት ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2026 እንደሚያነሳ አስቀድሞ አስታውቋል። ለውስጥ ሥራ የራሳችሁን ፈራሚ አቋቁሙ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ኤምቲኤልኤስ አስገብተን ስም አለማየታችን ነው። ሰርቨሩ «ይህን ሰርተፊኬት የእኛው ፈራሚ ፈርሞታል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ በሩ ይከፈታል። የማን እንደሆነ አያነብም። የመሥሪያ ቤቱን ባጅ ላንጠለጠለ ሁሉ ካዝናውን እንደ መክፈት ነው። ሌሊት ሪፖርት የሚያትመው ሰርቪስ ብር የማስተላለፊያውን ኤፒአይ የሚጠራበት ምን ጉዳይ አለው? ሰርተፊኬቱ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ይነበብ፣ ከተፈቀደለት ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

ደግሞ ያቺ «ኢንሴኪዩር ስኪፕ ቬሪፋይ» የምትባል፣ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ሳትመረምር እለፍ የምትል የኮድ መስመር አለች፣ በጎ (Go) ቋንቋ የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ያውቋታል። ለቴስት ተብላ ትገባለች፣ ፕሮዳክሽን (ደንበኛ የሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ ታረጃለች። እሷ ካለች ጠሪው ማንን እንደሚያናግር አያውቅም። ኮድ ሪቪው ላይ ያየኋት ቀን አላሳልፍም፤ ጓደኛም ቢሆን።

ኢስቲዮም ሲጫን በነባሪ የሚነሳው ሁለቱንም በሚቀበለው ሁኔታ ነው፣ ሰርተፊኬት ያለውንም የሌለውንም። ይህ ለሽግግር ታስቦ የተሠራ ነው። ሽግግሩ መቼ እንደሚያልቅ ቀን ያልቆረጠ ቡድን ግን እዚያው ይቀራል፤ ዳሽቦርዱም ሁሉ ደህና ይላል። ማረጋገጫው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሜሹ ውስጥ ካልገባ አንድ ፖድ (ኩበርኔቲስ ላይ ፕሮግራም የሚሠራበት ክፍል) ላይ ሁኑና ያለ ሰርተፊኬት፣ በተራ ኤችቲቲፒ፣ የክፍያ ሰርቪሱን ጥሩት። 200፣ ማለትም «እሺ»፣ ብሎ ከመለሰ ሥራው ገና አልተጀመረም።