ያቺን ጥግ ተዋት

እዚህ ጀርመን አገር፣ ባየርን በሚባለው ክፍለ ሀገር የምኖርበት ከተማ ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ናቸው። አምና በጸደይ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ሣራቸውን ላጭድላቸው ገባሁ። ማጨጃውን ሳስነሳ በመስኮት ብቅ ብለው "ያቺን ጥግ ተዋት!" አሉኝ። ጥጓ እኮ ሳማ፣ የደረቀ አገዳና ባዶ አፈር ናት። ግቢያቸው እንዲያምርላቸው ብዬ ነበርና ትንሽ ቅር አለኝ።

በምርኩዝ ወጥተው አሳዩኝ። አፈሩ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ከአንዷ አንዲት ጠጉራም ንብ ራሷን አወጣች፣ ጥቂት ፀሐይ ሞቀችና በረረች። ይቺ ንብ ቀፎ የላትም፣ አውራ የላትም፣ ማርም አትሰጥም። ለብቻዋ አፈር ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች። ጀርመን ውስጥ ከ550 በላይ የዱር ንብ ዝርያ አለ፤ አብዛኛው ጎጆውን የሚሠራው እንዲህ መሬት ውስጥ ነው። ግቢውን ጥርግ አድርገህ ካጸዳኸው የት ይግባ?

ሴትዮዋ ለምን እንደሚጨነቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ክሬፌልድ የምትባል ከተማ ያሉ የነፍሳት አጥኚዎች ድንኳን የመሰለ ወጥመድ እየተከሉ የሚበሩ ነፍሳትን ሲሰበስቡና ሲመዝኑ ኖረዋል። በ63 ቦታዎች የተሰበሰበው ውጤት በ2017 (በፈረንጆቹ) ሲታተም፣ በ27 ዓመት ውስጥ የነፍሳቱ ክብደት ከ75 በመቶ በላይ ቀንሷል። ልብ በሉ፣ ቦታዎቹ ለተፈጥሮ ጥበቃ የተከለሉ ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ ዙሪያቸውን በእርሻ የተከበቡ ናቸው። ክልሉ ደሴት ሆኗል ማለት ነው። አንድ ክፉ ዓመት መጥቶ እዚያ ያለውን ዝርያ ቢጨርሰው፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው መንገድ ላይ የሚያርፍበት ቁጥቋጦ የለውም።

በፈረንጆቹ 2019 የካቲት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ የባየርን ሰው በየማዘጋጃ ቤቱ እየሄደ "ንቦችን አድኑ" ለሚል የሕዝብ ጥያቄ ፈረመ። በሁለት ሳምንት ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰው! በዚያው ዓመት ሕግ ሆነ። አሁን ከወንዝና ከጅረት ዳር 5 ሜትር ድረስ ማረስ ክልክል ነው። ያጡትን ለመመለስ ነው ይህን ሁሉ የሚለፉት።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የእኛው ነው። ባለፈው አገር ቤት የገባሁት በኅዳር ነበር፤ ምዕራብ ጎጃም፣ አጎቴ ዘንድ። ልጅ ሳለሁ ያ መንደር ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢጫ ነበር። አደዩ በጥሻው፣ መጩ በድንበሩ፣ ኑጉ በማሳው። አሁን የቀረው ኑጉ ብቻ ነው። ድንበሩ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ግማሹን የአረም መድኃኒት አቃጥሎታል። ቱፎርዲ የሚሉት የአረም መድኃኒት ጤፉን አይነካም፣ ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚያነድደው። መጭም አደይም ቅጠለ ሰፊ ናቸው። ባሕር ዛፍም አበባ አለው፣ ንብ ትቀስመዋለች፤ ይህን አልክድም። ሥሩ ግን ሌላ አበባ አያስበቅልም።

አጎቴ ከቤቱ ክዳን ሥር የተንጠለጠሉ 7 ቀፎዎች ነበሩት። 5ቱ ባዶ ናቸው። አንዱን በጣቴ ባንኳኳው ድምፅ የለም፤ እበቱ ተሰነጣጥቋል፣ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ከዚያ ወደ ኑጉ ወሰደኝ። አንዱን የደረቀ አበባ ቀጥፎ በመዳፉ አሸውና እፍ አለው። ገለባው በረረ፤ መዳፉ ላይ ሦስት ፍሬ ቀረ።

"ይኸውልህ ልጄ፣ አብቦ አብቦ ፍሬው የት እንደሚገባ አላውቅም" አለኝ።

ኑግ በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም። ከሌላ ኑግ ብናኝ የሚያመላልስለት ነፍሳት ነው፣ በተለይም ንብ። ዝናቡም ቀድሞ ወጥቶ ነበር አሉ፤ ጥፋቱ ሁሉ የንብ ማነስ ነው ልል አልችልም። ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ስንጠጋ ነገሩ ሌላ ሆነ። ወይራው፣ ዋንዛውና ብሳናው ሥር ያለው ማሳ ላይ ጆሮ የሚሞላ ድምፅ አለ። ማር ንቧም፣ ጥቃቅን የዱር ንቦችም፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ዝንቦችም ኑጉ ላይ ናቸው። እዚያ የቀጠፍነው አበባ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ጥቁር ፍሬ ነበረው።

ታዲያ ያ ደንም ደሴት እየሆነ ነው። ደቡብ ጎንደር አካባቢ የአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን በድንጋይ አጥር እየታጠረ ነው፤ እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። አጥሩ ግን ከብት እንጂ ነፋስ የሚያመጣውን መድኃኒት አያግድም። በደኑና በአጎቴ ቀፎ መካከል ያለው ድንበር ሁሉ ከተላጨ፣ ንቧ በምን ላይ እያረፈች ትምጣ? ድንበሩን የተወ ገበሬ ደግሞ "ሰነፍ" ይባላል! ይህ ቃል ነው የሚያናድደኝ። እዚህ ለዚያች ለተተወች ጥግ ሕግ ወጣ፤ እዚያ ስድብ ነው።

ለአጎቴ የአሮጊቷን ጥግ ነገርኩት። ብዙ አልመለሰልኝም። ዘንድሮ ግን ከኑጉ ዳር ሁለት እርምጃ ስፋት ሳይረጭ ተወ። ችግሩ አዋሳኙ ነው፤ ከወዲያኛው በኩል ይረጫል። ባለፈው እሑድ ስደውል አጎቴ ሽማግሌ ልኮበት ነበር። ሰውዬው ንቦቹ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ማታ ማታ ሊረጭ ተስማምቷል። ድንበሩን ለመተው ግን ገና እሺ አላለም።