ማስተካከያ፦ ራፓማይሲን የሊምፎማ ሴልን የፕሮቲን ምርት ጨርሶ አያቆምም

ባሕር ዳር ላሉ የላቦራቶሪ ተማሪዎች ቀደም ብሎ የታደለው የልምምድ ወረቀት «ራፓማይሲን የሊምፎማ ሴል ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደርጋል» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም።

መድኃኒቱ የሚይዘው ፕሮቲን መሥራትን የሚያነቃቃውን፣ ኤምቶርሲ1 የተባለውን የኢንዛይም ስብስብ ነው፤ እሱንም በከፊል። ስብስቡ የሚያነቃው ኤስ6ኬ1 የተባለ ኢንዛይም ቶሎ ይቆማል። የፕሮቲን ምርት ልጓም በሆነው 4ኢ-ቢፒ1 ላይ ስብስቡ የሚለጥፈው ፎስፌት ግን በብዙ ሴሎች ከሞላ ጎደል ሳይነካ ይቀራል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት 4ኢ-ቢፒ1 ደግሞ የፕሮቲን ሥራን የሚያስጀምረውን ኢአይኤፍ4ኢን አስሮ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የካንሰር ሴሉ እንደ ሚክ ያሉትን ካንሰር አቀጣጣይ ፕሮቲኖች መሥራቱን ይቀጥላል።

በፒውሮማይሲን ልኬት (በመሠራት ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን ቆርጦ ምልክት በማድረግ የምርት ፍጥነትን የሚለካው) «1 ሰዓት» የተባለው ይሰረዝ። በ1 ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም፣ በ37 ዲግሪ፣ ለ10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ብዙ ከቆየ ተቆርጠው የቀሩት ፔፕታይዶች ይፈርሳሉ፣ ሴሎቹም ይጎዳሉ፤ የሚነበበው የምርት ፍጥነት መሆኑ ይቀራል። አስቀድሞ የፕሮቲን ምርትን የሚያቆመው ሳይክሎሄክሲማይድ የተሰጠው ማነጻጸሪያ ናሙና ከሌለ ውጤቱን አትመኑት።

ስለ ማሞቅ «ናሙናውን በ95 ዲግሪ የፈላ ውሃ» የሚለውም እዚህ አይሆንም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለፕሮቲኑ ልዩነቱ ምንም አይደል፤ ቴርሞሜትሩ 95 እስኪል የሚጠብቅ ሰው ግን ውሃውን አትንኖ ይጨርሳል። ደረቅ ማሞቂያ ተጠቀሙ፣ 5 ደቂቃ።

4ኢ-ቢፒ1 ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለይ 15 በመቶ ጄል እና ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን የሆነ ሜምብሬን (ከጄሉ የወጣው ፕሮቲን የሚያርፍበት ስስ ገጽ) ያስፈልገዋል፤ በ0.45ቱ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል።