ማሽን ምስክር ያቆማችሁ መምህራን ሆይ

በ2023 ግንቦት ወር፣ ቴክሳስ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ሰምታችሁ፣ ስቃችሁ አልፋችሁት ይሆናል። እኔ ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም። አንድ የእንስሳት ሳይንስ መምህር የተማሪዎቹን ጽሑፎች፣ ሲጠይቁት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ቻትቦት በሆነው ቻትጂፒቲ ላይ እየለጠፈ «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ሲል ጠየቀ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። ማሽኑ «አዎ» ባለ ቁጥር መምህሩ አመነ፤ ለመመረቅ የተሰናዱ ልጆች ውጤት ተያዘ። ጽሑፉን መቼ መቼ እንደሠሩት ከጉግል ዶክስ ሰዓቱን እያወጡ ራሳቸውን ይከላከሉ ጀመር። ሌሎች ሰዎች የመምህሩን የራሱን ጽሑፍ ቢያስገቡለት፣ ማሽኑ ያንንም የእኔ ሊሆን ይችላል አለ! ዩኒቨርሲቲው በኋላ «በዚህ ምክንያት የወደቀ ተማሪ የለም» አለ። ይሁን።

ወገኖቼ፣ ቻትቦት ለሌላ ሰው የጻፈውን መዝገብ አገላብጦ አይመሰክርም። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይገምታል፤ «አዎ»ም ግምት ናት። የማሽንን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ መለያ ነን የሚሉት ሶፍትዌሮችም ከዚህ ብዙ አይሻሉም። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሠራው መለያ ከማሽን ጽሑፍ 26 በመቶውን ብቻ ሲይዝ፣ ከሰው ጽሑፍ 9 በመቶውን በሐሰት ይወነጅል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዘጋው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የቋንቋ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለ7 መለያዎች ሲሰጡ፣ በአማካይ 61 በመቶው የማሽን ነው ተባለ። እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚጽፍ ሰው የሚመርጣቸው ቃላት ጥቂትና ተገማች ስለሆኑ ነው። ታዲያ በዚህ ሚዛን የምትፈርዱት በማን ላይ እንደሆነ አስባችኋል?

ተማሪው ንጹሕ ነው አላልኩም። ማሽን የፈጠረውን፣ በምድር ላይ የሌለ ምንጭ ሳያጣራ የሚያስረክብ ሞልቷል። ከማጣቀሻው ሦስቱን ብቻ መርጦ መፈለግ ይህን ያጋልጣል፤ ይህን እንኳ የምናደርግ ስንቶቻችን ነን? ማሽኑ ሳይመጣም የምናርመው የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ነበር። ረቂቅ አንጠይቅም፣ ሐሳቡ የት ላይ እንደተጣመመ አናይም። የሚያሳዝነኝ፣ ልጆቹ አሁን እንዳይጠረጠሩ ሆን ብለው ስሕተት እየጨመሩ መጻፍ መጀመራቸው ነው። ይህን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

የቃል ጥያቄ ይሻላል። «ይህን ምንጭ ለምን መረጥክ? ይህን አንቀጽ ብታወጣው ምን ይጎድላል?» ለአንድ ሰው 10 ደቂቃ ቢበቃ እንኳ፣ 60 ተማሪ 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ያንን ጊዜ የሚሰጠን የለም፣ አውቃለሁ። እንግዲያው ከየክፍሉ አምስት ስድስቱን በዕጣ እንጥራ። ማን እንደሚጠራ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ሁሉም ባይሆን ብዙው ተዘጋጅቶ ይመጣል። እኛም ያን ጊዜ ጽሑፋቸውን ሳናነብ መግባት ያቅተናል።