ማስተካከያ፦ ሕገ መንግሥቱን አንድ ምክር ቤት ብቻውን አያሻሽለውም
ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን ያሻሽላል» የተባለው ሁለት ደረጃዎችን ያደባለቀ ነው። በአንቀጽ 104 መሠረት ይህ ድምፅ ሐሳቡን ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ከማቅረብ አያልፍም። ውይይቱ እንዴት እንደሚካሄድ ግን አንቀጹ አይዘረዝርም፤ ትልቁ ክፍተትም ይኸው ነው።

ማጽደቁ የአንቀጽ 105 ጉዳይ ነው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ሊቀበሉት ይገባል፤ ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች 8ቱ ማለት ነው።

ምዕራፍ 3፣ ማለትም የመብቶቹ ክፍል፣ እንዲሁም አንቀጽ 104 እና 105 ራሳቸው ሲሆኑ ግን ሁሉም ክልሎች መስማማት አለባቸው። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ማሻሻያው ወደቀ።