ይድረስ ለተከበሩ የሀዲድ አጥር ቀዳዳ

ጉዳዩ፦ ደንበኝነቴን ስለማቋረጥ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቀኝ ጫማዬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጫማው እመለስበታለሁ።

ክቡር ቀዳዳ፣ በቀን ስንቱን ስለሚያሳልፉ እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ከሃያ ሁለት ወደ ኡራኤል ስንወርድ፣ መንገዱ መሃል፣ በቀላል ባቡሩ አጥር ላይ ሁለት ብረት ወልቆ በተወለዱ ማግስት ከጎበኙዎት አንዱ ነኝ። ማን እንደወለደዎት አይታወቅም። አንዱ ሌባ ነው ይላል፣ ሌላው መኪና ገጭቶት ነው ይላል። እኔ ግን የቸኮለ ሰው ልጅ ነዎት ባይ ነኝ፤ መልክዎ ቁርጥ እኛን ነው።

አገልግሎትዎ መቼም ይደነቃል። በዚህ ከተማ መታወቂያ ሳይጠይቅ፣ "ሲስተም የለም" ሳይል፣ "ነገ ተመለስ" ሳይል፣ በዓል ሳይቀር የሚያስተናግድ እርስዎን ብቻ ነው የማውቀው። ለአለቃው አንገቱን የማይደፋ ሰው ከረባቱን ይዞ ለእርስዎ እስከ ወገቡ ያጎነብሳል። እናት ልጇን አስቀድማ ታሾልክና ዘንቢሏን ታስከትላለች። አንድ የበዓል ዋዜማ አንዱ በግ እየጎተተ መጣ። ሰውየው ገባ፣ በጉ አራት እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ከሁለቱ ማን አስተዋይ እንደነበር የገባኝ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ለመሆኑ ምን አተረፍን? በመሻገሪያው ዞሮ ለመምጣት አራት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት። ለክቼዋለሁ። እሷን ቆጥበን ማዶ እንደደረስን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሠላሳ ደቂቃ እንገተራለን፣ ወይ ቡና ይዘን ስለ ኑሮ ውድነት አንድ ሰዓት እናወራለን። ኑሮ ተወደደ እንላለን፣ ነፍስ ግን እርስዎ ጋ በቅናሽ ናት።

ቅሬታዬ፣ ሲያስገቡን ከፊታችን ምን እንዳለ አለመንገርዎ ነው። ለገሃር ከባቡር ጋር የተዋወቀው በፈረንጆቹ 1917 ነው፤ ያኛው ባቡር ጨዋ ነበር፣ እየጨሰና እየጮኸ ነው የሚመጣው። በ2008 ሥራ የጀመረው ይህኛው ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። መኪናው ክላክስ በክላክስ፣ ወያላው "መገናኛ፣ መገናኛ!" እያለ በሚያቀልጥበት መሃል ድምፁ የት ይሰማል? ጆሮው ላይ ኢርፎን ለሰካውማ ጭራሽ።

ደግሞ "ሹፌሩ ያየኛል፣ ፍሬን ይይዝልኛል" የሚሉ ደንበኞች አሉዎት። ያያል እንጂ! ይይዛል እንጂ! ግን የብረት እግር ብረት ላይ ነው የሚሄደው፣ እንደ ታክሲ ጎማ ቆንጥጦ አይቆምም፤ ክረምት ሀዲዱ ሲርስማ ይብስበታል። መሪ የለው፣ ዘወር አይል። ይህ ባቡር በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተሠራ ነው። ተዉት፣ 36 ብቻ ይሂድ እንበል፤ በየሰከንዱ 10 ሜትር ይበላል። እኔ ከእርስዎ ተነስቼ፣ ሁለቱን መስመር አቋርጬ፣ ማዶ ካለው ወንድምዎ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ይፈጅብኛል፣ ያውም ጠጠሩ ካላደናቀፈኝ። 80 ሜትር ማለት ነው። "ገና ሩቅ ነው" እያልን እኮ ነው የምንገባው! ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲያዩት የሚያዘግም ይመስላል፤ ቦሌ ሊያርፍ የሚወርድን አውሮፕላን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው።

ወደ ጫማዬ ልምጣ። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ አንዣቧል። ወደ አያት የሚሄደው ባቡር እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እንዴት ያለ ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ ብዬ በሆዴ ራሴን እያመሰገንኩ። ጅራቱ ሲያልፍ ዘው አልኩ። ለካ በሌላኛው መስመር፣ ከእሱ ጀርባ ተከልሎ፣ ከአያት የሚመለሰው እየመጣ ነው። ጡሩምባው ሲጮህ ወደ ኋላ ዘለልኩ፣ ጫማዬ ጠጠሩ ውስጥ ቀረ፣ ነፋሱ በጥፊ መታኝ። ሹፌሯን አየኋት። አፏ እንደተከፈተ አለፈች። እኔ በአንድ እግር ጫማ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ እሷ ግን በዚያ ፊቷ ስንት ጣቢያ እየቆመች ሰው መጫን አለባት። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ቆሎ የሚሸጡ እናት "ምን አስቸኮለህ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ፀጉሬን ልስተካከል ነበር የምሄደው።

ባለፈው ሳምንት በያጅ መጥቶ እንደዘጋዎት ሰምቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳይ ግን አሥር እርምጃ ወደ ኡራኤል ፈቀቅ ብለው አዲስ ቅርንጫፍ ከፍተዋል፤ ሰፋ ብለው፣ ዘንቢል የማያስጨንቁ ሆነው። እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ይህን ያየሁት በመሻገሪያው ስዞር ነው። አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ቆሎም ገዛሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለማዶው ወንድምዎ
ለበጉ፣ ነፍስ ይማር
ለቀኝ ጫማዬ፣ ባለበት